«ልጄ ማታ ጥርሱን ያፋጫል፤ የወስፋት መድኃኒት ልስጠው?» ላልሽው እህቴ

የአምስት ዓመት ልጅሽ ማታ ማታ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ጽፈሻል። ጎረቤቶችሽም «ወስፋት ነው፣ መድኃኒት ስጪው» ብለውሻል። ሁለቱም ልጆቼ ያፋጩ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ አትደንግጪ። ድምፁ ያስፈራል፣ ጥርሱ የሚሰበር ይመስላል። በዚህ ዕድሜ ግን በጣም የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የወተት ጥርሳቸው በቋሚ ጥርስ እየተተካ ሲሄድ ይተዉታል።

የወስፋቱን ነገር እናቴም ትለው ነበር። ሐኪማችን ስትነግረኝ ግን ወስፋት ጥርስ ያስፋጫል የሚለው በቅጡ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ሆዱን የሚያመው ከሆነ ወይም ከከሳብሽ ሰገራውን አስመርምሪ። ከተገኘበት በአልቤንዳዞል ይታከማል፣ መታከምም አለበት። ማፋጨቱን ያስቆምልኛል ብለሽ ግን አትስጪው። ኮሶማ ለልጅ አደገኛ ነው፣ እንዳታስቢው።

እኔ የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ማታ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን አተነፋፈሱንም አዳምጪ። ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ይተኛል? ትንፋሹ ቆም ይልና እንደታፈነ ሰው ደንገጥ ብሎ ይመለሳል? አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል? ላብ ያጠምቀዋል? በቂ ሰዓት ተኝቶም ቀን ይነጫነጫል?

ትልቋ ልጄ እነዚህ ሁሉ ነበሩባት። ሐኪም ጋ ስትቀርብ ደህና ስለምትመስል፣ ማታ ስትተኛ በስልኬ ቀርጬ አሳየሁ። ቪዲዮው ብዙ ረዳን። ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ተላክን። ቶንሲሏም ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው እጢም አብጠው አየር እያሳጧት ነበር። የአየር መንገዱ ሲጠብ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ማፋጨቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍ ሳሳ በሚልበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ የአፍንጫ ስፕሬይ ታዘዘላት። አልበቃ ሲል በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ማንኮራፋቱ ቆመ፣ ማፋጨቱም ቀስ በቀስ ቀነሰ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ቀን ቀን መንቃቷ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» የሚልሽ ሰው ከመጣ እሺ እንዳትዪ። በየቤቱ በምላጭ የሚደረገው ያ ነገር ደም እያፈሰሰና ኢንፌክሽን እያመጣ ልጆችን ይገድላል።

ትንሹ ልጄ አያንኮራፋም። እሱን የጀመረው ኬጂ በገባ ሰሞን ነው፣ አዲሱ ቦታ ጨንቆት ነበር። ለእሱ መድኃኒት አላስፈለገውም። ከመኝታ በፊት ቲቪና ስልክ ዘጋን፤ ከሰዓት በኋላ ሻይና ኮካ ከለከልን። አልጋ ላይ የቀን ውሎውን እንዲያወራልኝ አደርግ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ በጊዜ ማስተኛቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አሁን አልፎ አልፎ ካልሆነ አልሰማውም።

ሲያፋጭ አትቀስቅሺው። ጠዋትም አትቆጪው፣ እሱ ማፋጨቱን አያውቅም።

ጥርስ ሐኪም ጋም አንድ ጊዜ ውሰጂው፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ ያዩልሻል። ቀዝቃዛ ነገር የሚያመው ከሆነ፣ ጠዋት መንጋጋውን ወይም ራሱን ካመመው ደግሞ ቶሎ ሂጂ። ለአዋቂ የሚሰጠው ማታ የሚነከስ የጥርስ መከላከያ ለትንሽ ልጅ ብዙም አይታዘዝም፤ መንጋጋው ገና እያደገ ነው። በየጊዜው የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገሪ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ያስፋጫሉ።

ያንኩራፋ አያንኩራፋ አልጻፍሽም። ዛሬ ማታ አዳምጪውና እዚሁ ጻፊልኝ። የሚያንኮራፋ ከሆነ ግን መልሴን ሳትጠብቂ ቀጠሮ አስይዢ።