ወንድሜ ከሰልፍ ማግስት ታሰረ፤ ዝም ልበል?

የአንባቢያን ጥያቄና የጠበቃ መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። ታላቅ ወንድሜ አስተማሪ ነው። ከሥራው ጎን ለጎን ለአንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅት በበጎ ፈቃድ መረጃ ይሰበስባል። ማን ታሰረ፣ ማን ተፈናቀለ እያለ በደብተር ይጽፋል።

ባለፈው ሐሙስ የሰፈራችን ሰዎች በውሃ እጥረት ምክንያት ሰልፍ ወጡ። ባዶ ጀሪካን ይዘው ነው የወጡት። ድንጋይ ያነሳ የለም። ወንድሜ መፈክር እንኳ አላሰማም፤ ዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ሰልፉም በሰላም ተበተነ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎችና አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ቤት መጡ። "ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ወሰዱት። ስልኩንና ደብተሩንም ያዙ። ያለው እዚሁ ከተማ፣ አንድ ጣቢያ ነው። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ሆነ፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ምግብ ይገባለታል፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለስልኛል። እሱን ግን አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ከሩቅ ነው ያየሁት። መርማሪው "ፈቃድ የሌለው ሰልፍ ነው፤ እያጣራን ነው" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም ብሎ ይፈርምና ዛሬውኑ ይውጣ" አለኝ።

እናቴ "ዝም በይ፣ ከጮኽሽ ያከሩበታል" ትላለች። ጎረቤት "ሰው ፈልጉ" ይላል። ወንድሜ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፣ መታወቂያም የለው። ይሄስ አይጎዳውም? ምን ላድርግ?

እህቱ፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። በዕድሜ ልጄ ነሽና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የዚያኑ ዕለት ማታ ደውዬልሽ ነበር። በስልክ ያወራነውን እዚህ የምደግመው እንዳንቺ ስንቅ የሚያመላልሱ ሌሎች አንባቢዎች ስላሉኝ ነው።

ከጠበቃም ከአማላጅም በፊት ደብተር ያስፈልግሻል። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። መጀመሪያው ገጽ ላይ "ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከቤት፣ ሦስት ሆነው" ብለሽ ጻፊ። የወሰዱትን ዕቃም ዘርዝሪ። ከዚያ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሄድሽ፣ ማን ተረኛ እንደነበረ፣ ምን እንዳለሽ፣ ሳህኑ ገብቶ እንደሆነ ጻፊ።

ለምን መሰለሽ? ጠበቃ ከመሆኔ በፊት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ልጃቸው ታስሮባቸው ዳኛ ፊት ቆሙ። ፖሊሱ "ከትናንት ወዲያ ነው የያዝነው" አለ። እሳቸው ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አነሡና ለዳኛው አሳዩት። ልጃቸው ከተያዘ ጀምሮ በየምሽቱ ከዘርፉ አንድ አንድ ቋጥረዋል። ዳኛው ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ዘጠኝ ቋጠሮ። የጣቢያው መዝገብ ይምጣ ተባለ፤ መጣ፤ እሱም ዘጠኝ ቀን ይላል። ከዚያ ወዲህ "ቀጠሮ" የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ "ቋጠሮ" ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ አንቺ ቆጠራ እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ ንዑስ አንቀጽ 3፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቀነሱም። "እያጣራን ነው" አይቀነስም። ከጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የወንድምሽ 48 ሰዓት እሑድ 9 ሰዓት ላይ አልቋል። (ዓርብ ከሰዓት የሚያዝ ሰው በዛ ብል ነገር ፍለጋ አይሁንብኝ።)

"ፈቃድ የሌለው ሰልፍ" የሚለው ነገር ሁሌም ያናድደኛል። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጁ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። ሰልፍ ጠሪዎቹ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቃሉ። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ አይመችም ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጣል፣ ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ እንዲሆን ይጠይቃል። "የትም ቦታ፣ መቼም ጊዜ አይደረግም" ማለት ግን አይችልም። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅን የመሳሰሉ ገደቦች አሉት። በገበያ ቀን ገበያ ቦታ ላይም ሰልፍ አይፈቅድም። እናንተ ሰፈር ሰኞ ሰኞ ሰልፍ የለም ማለት ነው። ጎረቤቶችሽ ግን የወጡት ሐሙስ ነው።

ልብ ብለሽ ከሆነ ሁለቱም ሕግ 48 ሰዓት ይላል። አንዱ ለሰልፈኛው፣ አንዱ ለፖሊስ። ማሳወቂያ ገብቶ እንደሆነ ኮፒውን ካስተባባሪዎቹ ፈልጊ። ባይገባም ግን የሰልፈኛው 48 ሰዓት መጓደል የፖሊሱን 48 ሰዓት አይሰርዘውም።

መታወቂያ የለውም ያልሽው አያስጨንቅሽ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 ዓ.ም. ኅዳር 30 ያጸደቀው የመብት ተሟጋቾች መግለጫ ደመወዝተኛና በጎ ፈቃደኛ ብሎ አይለይም። ማንም ሰው፣ ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ መብት እንዲከበር መሥራት ይችላል ነው የሚለው። ደግሞስ መታወቂያ ማንን አዳነ? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ አገር የሚያውቀው ድርጅት ነው። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ አራት ሠራተኞቹ አዲስ አበባ ዙሪያ የቤት ፈረሳ ሊያጣሩ ሄደው ታሰሩ። ድርጅታቸው ዝም አላለም፤ መታሰራቸውን በይፋ ተናገረ። ከሳምንት ገደማ በኋላ በዋስ ወጡ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ አቤቱታ ነው። ስሙ "አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ" ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) መብቱን ይሰጣል፤ አካሄዱ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 ጀምሮ አለ። ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው። ታሳሪው ራሱ መምጣት ስለማይችል አንቺ ስለ እሱ ታቀርቢያለሽ። ከአቤቱታው ጋር ቃለ መሐላ ታያይዣለሽ፤ ማን ታሰረ፣ የት ታሰረ፣ በምን ሁኔታ፣ ማን ይመሰክራል የሚለውን የያዘ። ይኸው ደብተርሽ እዚህ ላይ ነው ዳቦ የሚሆነው። ፍርድ ቤቱ ያሠረውን አካል ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ጉዳዩ ረጅም ጽሑፍ አይፈልግም። አንድ ገጽ ተኩል ካለፈ እኔ ራሴ እሰርዘዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ጠብቂ። ብዙ ጊዜ አቤቱታው እንደገባ ጣቢያው ይሯሯጥና ታሳሪውን ሌላ ችሎት አቅርቦ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ታስሮ የሚቆይበትን ቀን፣ ይጠይቅበታል። ከዚያ "አሁንማ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የተያዘው" ተብሎ ያንቺ መዝገብ ሊዘጋ ይችላል። ተሸነፍኩ ብለሽ እንዳታለቅሺ። ስሙ ያልነበረበት ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ገባ ማለት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይፈቅድም። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ቁጥር አላስቀመጠም፤ 1954 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ላይ ያለች ትልቅ ቀዳዳ ይህች ናት። ስለዚህ በየቀጠሮው "ባለፉት ቀናት ምን ሠራችሁ? ስንት ምስክር ሰማችሁ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዋስትናም በየጊዜው ይጠየቃል። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

ጉብኝቱንም አትተዪው። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቤተሰቡ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። ከሩቅ እጅ መነሣሣት ጉብኝት አይደለም። ጋቢም አስገቢለት፤ የደሴን ሌሊት ታውቂዋለሽ።

ስለ ፊርማው። ይህን ከባድ ጥያቄ በቀላሉ አልመልሰውም። እኔ እቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጀበናዬ አጠገቤ ሆኖ፣ እሱን "ጀግና ሁን፣ አትፈርም" የማለት ሞራል የለኝም። ውሳኔው የራሱ ነው። ሕጉ ግን ይህን ይላል፦ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ተገድዶ የሰጠው የእምነት ቃል ማስረጃ አይሆንም። ከፈረመ ደግሞ አንብቦ ይፈርም። ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ እጅ ይጻፍበት። ከጽሑፉ በታች ባዶ ቦታ ካለ በእስክሪብቶ ያስምርበት፤ ያ ባዶ ቦታ በኋላ የሚሞላ ነገር አያጣም።

እናትሽን አልፈርድባቸውም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ክልላችን ውስጥ የ48 ሰዓት ነገር ማንሣት ራሱ ያስፈራ ነበር። ያ አዋጅ ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት አብቅቷል። ዛሬም "አስቸኳይ ጊዜ ነው" የሚል ካለ "የትኛው አዋጅ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?" ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። መጮህና ማመልከት ግን አንድ አይደሉም። ጣቢያ በር ላይ ከተረኛ ጋር መጨቃጨቅ አይጠቅምሽም፤ እዚያ ላይ ከእናትሽ ጋር ነኝ። ማህተም ያረፈበት አቤቱታ ማስገባት ሌላ ነው። "ሰው ፈልጉ" የሚሉሽ ጎረቤቶችም ክፋት የላቸውም። ነገር ግን በሰው የተፈታ በሰው ይታሰራል፤ ወረቀትም አይኖረው። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጻፊ። ኮሚሽኑ ማረፊያ ቤቶችን ሳያሳውቅ ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው። ወንድምሽ የሚያገለግለው ድርጅትም መታሰሩን በጽሑፍ ይወቅ።

መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ደውለሽልኝ ነበር። አቤቱታውን ባስገባሽ በማግስቱ ሌላ ችሎት አቀረቡት። 14 ቀን ተጠይቆ 7 ተፈቀደ። ችሎት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርበት አየሽው፤ ጢሙ አድጎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ። "ደብተሬስ?" ብሎ ጠየቀሽ አልሽኝ። የሱ ደብተር እንደተያዘ ነው፤ ያንቺን ንገሪው።

ጥያቄ

እኔ ኮምቦልቻ በባጃጅ የምተዳደር የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ ነበርክ ተብዬ 11 ቀን ታስሬ፣ ክስ ሳይመሠረት "ምንም አልተገኘብህም፣ ሂድ" ተባልኩ። ስልኬን አልመለሱልኝም። ባጃጇ ቆማ የከረመችበት ዕዳ አለብኝ። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ ወይስ እንኳን ወጣሁ ብዬ ልተወው?

መልስ

እንኳን ወጡ ወንድሜ። መተው የእርስዎ ፈንታ ነው፤ መጠየቅ ግን ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ከሕግ ውጪ የሰውን ነጻነት መንፈግ ጥፋት ነው ይላል። ጊዜው ግን አይጠብቅዎትም። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በወንጀልም በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጪ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ ተከስሶ ችሎት የቆመ ሰው በሥራ ዘመኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ያንን አልደብቅዎትም። እኔ ብሆን በካሳው በኩል እሄድ ነበር።

የሚቸግርዎት ማስረጃው ነው። "ሂድ" ያለዎት አፍ ወረቀት አልሰጠዎትም። ስለዚህ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደታሰሩ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥዎት ለጣቢያው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻዎን ኮፒ ላይም "ደርሶናል" የሚል ፊርማ ያስደርጉ። ደብዳቤውን ቢከለክሉዎት እንኳ ያቺ ኮፒ ትሠራለች። ባጃጇ 11 ቀን መቆሟን ማኅበራችሁ ይጻፍልዎት፤ ስምሪት ላይ ስምዎ የሌለባቸው ቀናት ይታወቃሉ። ስንቅ ያመላለሱት ሰዎችም ምስክር ናቸው።

ለስልኩ ደግሞ ካርቶኑን ይፈልጉ። ጎኑ ላይ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ማመልከቻው ላይ ይጻፉት፤ "ጥቁር ሳምሰንግ" ብቻ ካሉ ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ጥቁር ሳምሰንግ ነው። ካርቶኑን ልጆቹ መጫወቻ አድርገውት ከሆነም ቶሎ ያስጥሏቸው።