ብስባሽ ጨምሬበት ውሃው ለምን ላዩ ላይ ይተኛል?

ጥያቄ፦ የአትክልት ቦታዬ ሸክላ የሚበዛበት አፈር ነው። ብስባሽ አብዝቼ ጨምሬ፣ በጥልቀት ቆፍሬ ቀላቅዬዋለሁ። ይሁን እንጂ ዝናብ ሲጥል ውሃው አሁንም ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሲደርቅም መሬቱ ቅርፊት ሠርቶ ይሰነጣጠቃል። ብስባሹን ልጨምር ወይስ አንዳንዶች እንደሚመክሩኝ አሸዋ ልደባልቅበት?

መልስ፦ አሸዋውን ይተዉት። አሸዋው የአፈሩን አብዛኛውን ክፍል እስኪይዝ ድረስ ካልበዛ በቀር፣ ሸክላው በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አፈሩን ይብሱን ያጠጥረዋል።

ብስባሹን በተመለከተ ግን ከመጠኑ በፊት አሠራሩን መረዳት ይበጃል። ብዙ ሰው ብስባሽ አፈርን የሚያሻሽለው ውሃ መጥጦ ስለሚይዝ ብቻ ይመስለዋል። መምጠጡ እውነት ነው፤ ሆኖም ውሃ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ የሚያደርገው ዋናው ነገር ብስባሹን እየበሉ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩት ሥራ ነው። ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር የሸክላ ቅንጣቶችን አጣብቆ ከ0.25 ሚሊ ሜትር ያነሱ እንክብሎችን ይፈጥራል፤ የፈንገስ ክሮችና ቀጫጭን የዕፅዋት ሥሮች ደግሞ እነዚህን አንድ ላይ ጠፍረው ትልልቅ እንክብሎች ያደርጓቸዋል። ውሃ በፍጥነት የሚወርደው በትልልቆቹ መካከል በሚቀረው ክፍተት፣ እንዲሁም የመሬት ትሎችና የሞቱ ሥሮች ትተዋቸው በሚሄዱት ቀዳዳዎች ነው።

ታዲያ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። ሙጫውን ራሳቸው ተሕዋስያኑ መልሰው ይበሉታል፣ ክሮቹም በቀላሉ ይበጠሳሉ። መሬቱን በጥልቀት ሲቆፍሩት ክሮቹን ይበጥሳሉ፤ በእንክብሎቹ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውንም ብስባሽ ለአየር አጋልጠው ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋሉ። የእርስዎ ችግር በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በዚያ ላይ መሬቱ ምንም ሳይለብስ ከቆየ የዝናቡ ጠብታ ላዩን ይደበድበዋል፤ የተፈረካከሱት ደቃቅ ቅንጣቶችም ቀዳዳዎቹን ይደፍኗቸዋል። ከሥር ያለው አፈር የቱንም ያህል ክፍት ቢሆን፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ውሃውን ለማገድ ይበቃል።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ደረቅ የአፈር ጓል ከቆፈሩት ቦታ፣ ሌላ ደግሞ ሣር ለረጅም ጊዜ ከበቀለበትና ካልተቆፈረ ጥግ ያንሡና ሁለቱንም ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ በቀስታ ያስቀምጡ። ደካማው ጓል ውሃ ሲገባበት በውስጡ የታፈነው አየር እየገፋው፣ አረፋ እያወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ ውሃውንም ያደፈርሰዋል። ከሣሩ ሥር የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ስርገቱንም ለመለካት ከፈለጉ፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት በኩል ክፍት ቱቦ መሬት ውስጥ ተክለው 440 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍስሱበት፤ ይህ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሆናል። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ውሃ ፈጥኖ ስለሚቀበል ደግመው ያፍስሱና ሁለተኛው ሰርጎ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜ ይያዙ።

የሚጨምሩት ነገር ዓይነትም ለውጥ አለው። ለምለም ቅጠልና ሣር በሳምንታት ውስጥ እንክብሎቹን ያጠነክራል፣ ኃይሉ ግን ፈጥኖ ያልቃል። ገለባ ዘግይቶ ይጀምርና ለወራት ይዘልቃል። በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ለተሕዋስያኑ ቀላል የሆነው ክፍሉ በክምሩ ውስጥ እያለ ስላለቀ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ መለስተኛ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ከማብዛት ማፈራረቁን እመርጣለሁ። ገለባውን ግን አይቅበሩት፤ የስንዴ ገለባ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 80 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ተሕዋስያኑ የአፈሩን ናይትሮጅን ከተክሉ ይሻሙበታል። ላዩ ላይ ሲነጠፍ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም።

እንግዲህ ቁፋሮውን ያቁሙና 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ ላዩ ላይ አልብሰው በገለባ ጉዝጓዝ ይሸፍኑት፤ ወደ ታች የማውረዱን ሥራ የመሬት ትሎቹ ይሠሩታል። በሰብልና በሰብል መካከልም ቦታው ሥር ሳይኖረው አይክረም፤ አፈሩ እርጥብ ሳለም አይርገጡት። የላዩ ቅርፊት በአንድ የዝናብ ወቅት ሊቀንስ ይችላል፣ የጥልቁ አፈር ለውጥ ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ ከሚጨምሩት ካርቦን አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳልና። በብስባሹ ፈንታ ፍግ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጨው እንዳለበት ያስታውሱ፤ በተለይ ሶዲየም ሲጠራቀም የሸክላ ቅንጣቶችን ስለሚበታትን፣ በየዓመቱ አብዝቶ መጨመር አሁን የሚታገሉትን ቅርፊት መልሶ ሊያመጣው ይችላል።