ለ1968 ሙስታንግ የትኛው ራዲያተር ይሻላል?

ውድ ጠያቂዬ፣ በቨርጂኒያ የሚነዱት የ1968 ፎርድ ሙስታንግ 302 ቪ8 ሞተሩ ወደ 347 ኩብ ኢንች አድጎ 400 የፈረስ ጉልበት ያህል እንዲያወጣ ከተሠራ ወዲህ፣ በሰመር ሙቀት ትራፊክ ሲይዝዎት የሙቀት ጌጁ እንደሚወጣ፣ ሀይዌይ ሲገቡ ግን ወደ ቦታው እንደሚመለስ ጽፈውልኛል። አንዱ መካኒክ ባለ አራት ረድፍ ቱቦ የመዳብ፣ ሌላው ባለ ሁለት ረድፍ የአሉሚኒየም ራዲያተር እንዲገዙ ስለመከሩዎት የትኛውን ልምረጥ ብለዋል።

ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ የሚበርድ መኪና በአብዛኛው የጎደለው ነፋስ ነው። እየሮጠም የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩ አንሶታል ወይም ተደፍኗል፣ አለዚያም የታችኛው ማኒኮቶ (ከራዲያተሩ ወደ ውሃ ፓምፑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ) በፓምፑ ስበት እየተጣበቀ ውሃ ይከለክላል እል ነበር። የ400 ፈረስ ጉልበቱ ቁጥር አያስደንግጥዎት፤ ሞተሩ ያን ሁሉ የሚያወጣው ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ብቻ ሲሆን፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ ቆሞ የሚያመነጨው ሙቀት ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ አስቀድመው ኮፈኑን ይክፈቱና ማራገቢያውን ዙሪያውን የሚከብበው ሽራውድ መኖሩን ይመልከቱ። ሞተር ሲቀየር ብዙ ጊዜ ወልቆ የሚጣለው እርሱ ነው፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ ማራገቢያው ነፋስ የሚስበው ከፊት ለፊቱ ካለው ክብ ብቻ ስለሆነ የራዲያተሩ አራት ማዕዘኖች ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። የማራገቢያው ክንፎች ግማሽ ወርዳቸው ሽራውዱ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሊሆን ይገባል።

ራዲያተሩን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ባለ ሁለት ረድፉ አሉሚኒየም ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም የተሻለ ሙቀት አስተላላፊ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ በመዳቡ ራዲያተር ቱቦዎቹ ግማሽ ኢንች ያህል ወርድ ብቻ ያላቸውና ከፊኑ (ሙቀቱን ለነፋሱ ከሚሰጠው ስስ ብረት) ጋር በእርሳስ ብየዳ የተያያዙ ሲሆኑ፣ የአሉሚኒየሙ ቱቦ አንድ ኢንችና ከዚያ በላይ ሊሰፋ ይችላል። በዚያ ላይ አራተኛው ረድፍ የሚደርሰው ሦስቱ ያሞቁት ነፋስ ነው፤ ወፍራም ኮር (ቱቦውና ፊኑ ያሉበት የራዲያተሩ መሃል) ደግሞ በሚኒሞ የሚመጣውን ደካማ ነፋስ ያግደዋል። ከውፍረት ይልቅ የፊት ስፋት ይበልጣልና፣ ቦታው የሚፈቅደውን ሰፊውን ይግዙ። የዚያ ዘመን ሙስታንግ ትልቁን ሞተር ሲይዝ 24 ኢንች ስፋት ያለው ኮር ይገባለት ነበር፤ በእርስዎ መኪና ላይ ግን ይህን ለመግጠም የፊቱን መያዣ ብረት ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ከማዘዝዎ በፊት በእጅዎ አንድ ነገር ይዳስሱ፤ የታችኛው ማኒኮቶ ዋተር ፓምፑ ላይ የሚገባው በየትኛው በኩል ነው? እስከ 1969 ድረስ በተሳፋሪው፣ ከ1970 ወዲህ ግን በሾፌሩ በኩል ነው፤ 347 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋለኞቹ ብሎኮች ስለሚሠራ፣ በመኪናው ዓመት ብቻ የታዘዘ ራዲያተር መውጫው በተቃራኒው ሆኖ ይገኛል።

አሉሚኒየም ከገጠሙ በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡና የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ኩላንቱ (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ውስጥ፣ ብረት ሳያስነኩ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ። መብራቱንና የሂተሩን ማራገቢያ እያበሩ ሲለኩ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ፣ ኤሌክትሪኩ በኩላንቱ በኩል እያለፈ አሉሚኒየሙን ሊበላው ስለሚችል፣ በሞተሩና በቦዲው መካከል ያለውን የግራውንድ ሽቦ ያጽዱ ወይም ይቀይሩ።