«ነገ አያቴ ቤት ሄድን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ኬጂ አንድ ነው። ማታ ማታ «ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ስለው የሚያወራው መጀመሪያና መጨረሻው አይታወቅም። «ነገ አያቴ ቤት ሄድን» ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ አራት ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ፤ በቅደም ተከተል ቁጥር ስጡ የሚል። ልጆች የበረዶ ሰው ሲሠሩና በረዶው ሲቀልጥ ያሳያል። የእኔው ልጅ የቀለጠውን ውሃ አንድ ቁጥር ሰጠው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። የማስተዋል ችግር ይኖርበት ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ያን ኤክስ እርሺው። ውሃውን ለምን እንዳስቀደመ ጠይቀሽዋል? የአዲስ አበባ ልጅ የሚያውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ዝናቡ ይመጣል፣ ግቢው ውሃ በውሃ ይሆናል፣ ከዚያ በረዶው ይወርዳል። ውሃ አንድ፣ በረዶ ሁለት። ሰው የሚያክል በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሌላ ቅደም ተከተል ከየት ያምጣ? እኔም ኬጂ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ እያስደረግሁ አድያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ነገ ሄድን» ማለቱም አያስደንግጥሽ። በዚህ ዕድሜ ትናንትና ነገ ይምታታሉ። «አዎ፣ ትናንት ሄድን፤ ቆሎም በላህ» ብለሽ አስተካክለሽ መልሺለት እንጂ አትቆጪው።

ይልቅ አንቺ የምታዢበትን አነጋገር ልብ በይ። «ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብ» ስትዪው ጆሮው ቀድሞ የሚሰማው መብላትን ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ቀድሞ የተነገረው ቀድሞ የሚደረግ ይመስለዋል። ኢቭ ክላርክ የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ይህንኑ አይታ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፋለች። እኛ ግን መድኃኒቱ አፋችን ላይ ነው፦ «ታጥበህ ብላ»። የሰዋስው መምህራን ቦዝ አንቀጽ ይሉታል። «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ።» የተደረገው ሁሉ በየተራው ተሰልፎ ይመጣል። በፊት የለ፣ በኋላ የለ። ለአንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ እያልሽ አጫውቺው። «በፊት» እና «በኋላ» ቀስ ብለው ይደርሳሉ።

ከዚያ ቡና። ከቡና የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ፣ ፈልቶ ይቀዳል። ቅዳሜ ስታፈዪ አጠገብሽ አስቀምጪው፤ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ ታዲያ። ጭሱም፣ የሙቀጫው ድምፅም ምልክት ይሆኑታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ደግሞ ተራው ራሱ ስም ወጥቶለታል። ሲያልቅ ሆን ብለሽ ተሳሳቺ፦ «መጀመሪያ ቡናውን ጠጣን፣ ከዚያ ቆላነው፣ አይደል?» በይው። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ሦስት ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም። ይህን ያልኩ ቀን ብድግ ብላ «ቲቸር፣ ጥሬ ቡና ይጠጣል እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጅ ሲጠይቁት ይሰለቻል፤ ትልቅ ሰው ማረም ግን ይጥመዋል።

መንገዱም አለልሽ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስትሄዱ ሐውልቱን ትታችሁ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ነው። ስትመለሱ «አሁንስ መጀመሪያ ምን እናያለን?» በይው። ይሄኛው ይከብዳል፣ ካቃተው ተዪው። (ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ከተቀየረ ወዲህ እኔም ምልክቱ ይጠፋብኛል።)

«ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ግን አቁሚ። ለትልቅ ሰውም ሰፊ ነው። ማታ ምሳ ዕቃውን እያጠብሽ «ይሄን ስትከፍት ማን አጠገብህ ነበር? ከዚያስ የት ሄዳችሁ?» በይው። ጫፉን ካገኘ ራሱ ይጎትተዋል።

የማስተዋል ችግር ላልሽው፣ «ጫማህን አውልቀህ፣ እጅህን ታጠብ» ስትዪው የሚያደርግ ከሆነ አትጨነቂ። እንዲህ ያለችው ትእዛዝ ሁልጊዜ የምትጠፋበት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው፤ ጆሮውንም ጭምር።

ወረቀቱን አትጣይው። ክረምት ገብቶ በረዶ የጣለ ቀን አንድ እፍኝ ለቅማችሁ ሳህን ላይ አድርጉት። እስኪቀልጥ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተሽ እንደገና ቁጥር አሰጪው። ምን እንዳለሽም ጻፊልኝ።