ቀይዋ መብራት ስትበራ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጀማሪ የጥገና ባለሙያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ፒኤልሲው በየጊዜው ስቶፕ እየገባ አስቸገረን። ባዶ ኦቢ 86 ብጭንበት ምን ይለኛል?» አለችኝ። ፒኤልሲ ማሽኖቹን የሚያዝ ኮምፒውተር ነው፤ ኦቢ 86 ደግሞ ከርቀት የተገናኘ ሳጥን ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው የፕሮግራም ክፍል ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም አድርጌዋለሁና።

የኛው ፒኤልሲ ሲመንስ ኤስ 7-300 ነበር። የኮስቲክ ሶዳ (ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል) ታንከሩ አጠገብ ያለው፣ የመለኪያዎቹን ሲግናል የሚሰበስበው ሳጥን ከዋናው ፓናል ጋር በፕሮፊባስ (የመረጃ ማስተላለፊያ) ገመድ ይገናኛል። ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሲፒዩው (የፒኤልሲው አንጎል) ኦቢ 86ን ይፈልጋል፤ ካጣው ስቶፕ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። የፈረቃ አለቃው «ሌሊት እንዳታስቆሙብኝ» ይለናል። ኦቢ 86ንና ኦቢ 122ን (ከሳጥኑ ማንበብ ሲያቅተው የሚፈልገውን) ባዶአቸውን፣ ምንም ትእዛዝ ሳልጽፍባቸው ጫንኩ። መቆሙ ቀረ፤ እኔም ተመሰገንኩ።

አንድ ሌሊት ገመዱ ጭራሽ ተለያየ። የሲፒዩው ቀይዋ የብልሽት መብራት በርታለች፣ ሲፒዩው ግን ይሠራል። ከሳጥኑ የሚመጣው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ተነበበ። የከፍታ መለኪያው ዜሮ፦ «ታንከሩ ባዶ ነው»። ሲሞላ ብቻ ሲግናል የሚሰጠው ስዊችም ዜሮ፦ «ገና አልሞላም»። ፓምፑ የሚታዘዘው ከዋናው ፓናል ስለነበር መሙላቱን ቀጠለ። ኦፕሬተሩ ቫልቭ ሊዘጋ ሲሮጥ የፈሰሰው ኮስቲክ እግሩን አቃጠለው። መኪና እስኪመጣ ድረስ በጎማ ውሃ ሲያፈስበት የቆየው የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ያ ሰው ባይኖር እግሩ አይተርፍም ነበር።

ማለዳ ዲያግኖስቲክ በፈሩን (ሲፒዩው ብልሽቶችን የሚመዘግብበትን ማህደር) ስከፍት ገመዱ የተለያየበት ሰዓት ከነሴኮንዱ ተመዝግቦ አገኘሁት። ሪፖርቱ ላይ ግን «የኦፕሬተር ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

የላላው የማገናኛው ብሎን ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ! የዛሬ ልጆች ፕሮግራም ላይ ከኛ እጅግ ትፈጥናላችሁ፤ ፓናል ከፍቶ ብሎን መነካካት ግን አትወዱም። ይህ ያሳስበኛል።

ኦቢ 86ን አትጫኑ አልልም፤ ዛሬም እጭነዋለሁ። በአንድ ሳጥን ምክንያት ፋብሪካ ሙሉ ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ግን ውስጡ ጻፉበት፦ ሳጥኑ ሲጠፋ ፓምፑ ይጥፋ፣ ደወሉ ይጩህ። የሙሉ ስዊቹም ኖርማሊ ክሎዝድ ይሁን፣ ማለትም ሳይሞላ ሲግናል ይስጥ፣ ሲሞላ ያቋርጥ፤ ገመድ ሲበጠስ እንደ ሞላ ይቆጠር። የከፍታ መለኪያው ታንከሩ ባዶ ሲሆን 4 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ዜሮ ሚሊአምፔር ካያችሁ ገመድ ተበጥሷል።

ለልጅቷ መልሼ ደወልኩ። በፈሩን ከፍታ ሰዓቶቹን አነበበችልኝ፤ ሁሌም ትልቁ ሞተር ሲነሳ ነው። «የፕሮፊባሱ ገመድ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ነው እንዴ የሄደው? ሲግናሉን ይረብሸዋል» አልኳት። ልታይ ሄዳለች።