እምነታችሁ የቀዘቀዘ ለመሰላችሁ

ውድ ልጆቼ፣

«ድሮ ለጸሎት ስንበረከክ እንባዬ ይቀድመኝ ነበር፤ አሁን ቃሉም ከአፌ አልወጣ ይላል። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» ይህን የምትጠይቁኝ ብዙዎች ናችሁ። በሕክምና ሥራ ስኖር በዕድሜ ከገፉ አማኞችም ይህንኑ ሰምቻለሁና መልሴን በጽሑፍ ላኑርላችሁ።

እስቲ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን በሐኪም ዓይን አንብቡልኝ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝትበት ግን ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አገልጋዩን፣ ብላቴናውን፣ ተወው፤ የአንድ ቀን መንገድ ብቻውን በምድረ በዳ ሄደና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እኛ ብንሆን «እምነትህ የት ሄደ?» ብለን እንገሥጸው ነበር። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። ኤልያስ ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ሁለተኛ ሲቀሰቅሰውም መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ የእግዚአብሔር ተራራ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ስለዚህ ነፍሳችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት እንቅልፋችሁን ጠይቁ። ሌሊቱን በስልክ ስታነጉ ትቆያላችሁ፣ በሥራና በፈተና ትደክማላችሁ፣ ከዚያ ጠዋት ጸሎት ሲከብዳችሁ እግዚአብሔር የራቃችሁ ይመስላችኋል። ሐዘኑ ለሳምንታት ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መታከም እምነትን መካድ አይደለም። የሞት ሐሳብ የሚመላለስበት ካለ ደግሞ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር።

ድርቀት ሁሉ ግን ከድካም አይመጣም። ሰው በድላችሁ፣ የማይገባችሁን ወስዳችሁ ከሆነ እረፍት አያድናችሁም። ጌታ በተራራው ስብከት መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። የትኛው እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሌላው የሚጎዳችሁ ችኮላ ነው። ምስክርነት ስንሰማ መጀመሪያውንና መጨረሻውን እንሰማለን፤ መካከሉን የሚነግረን ጥቂት ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100 ሆኖታል። በመካከሉ ግብፅ ወርዶ ሚስቱን «እኅቱ ነኝ» አስብሏል፣ ልጅ ለማግኘትም በሚስቱ አገልጋይ በአጋር በኩል አቋራጭ ሞክሯል። ጳውሎስም ከደማስቆው ብርሃን በኋላ ጴጥሮስን ለማየት ኢየሩሳሌም የወጣው ከ3 ዓመት በኋላ ነው፤ ስንት ዓመት ካገለገለ በኋላም ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ገና ፍጹም እንዳልሆነ ጽፎላቸዋል። እናንተ ከተጠመቃችሁ ወይም ወደ ጌታ ከተመለሳችሁ ስንት ጊዜ ሆኗችሁ ነው ተጠናቅቄ ካልተገኘሁ የምትሉት?

የራሳችሁ ቃል ሲጠፋባችሁ መዝሙረ ዳዊትን አንብቡ፤ ምሬቱን ጭምር፣ ሳትዘሉ። እሱም ከከበዳችሁ የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» እንዳለ በሉ። ጌታ ያንን ሰው እምነትህን አሟልተህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

ኤልያስ በኮሬብ «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲል ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕን እንዲቀባም ተላከ። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ትቶ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ መድኃኒት ይመስለኛል። ከመካከላችሁ ሰሞኑን ከጉባኤ የቀረ፣ ስልክ የማያነሣ ጓደኛ ካለ ቤቱ ድረስ ሂዱ። ጥቅሱን ለሌላ ቀን አቆዩትና የሚበላ ነገር ይዛችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።