ፊርማው አይበቃም፤ መጀመሪያ ፕሮፈሩን (የገንቢውን የጽሑፍ ቃል) አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቤታችሁ ጀርባ ያለው የድሮ ቢሮ ሊፈርስ ነው። ዞኒንጉ (መሬቱ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደንብ) ተቀይሮ 240 አፓርታማ ሊሠራበት ነው። ጎረቤቱ የተቃውሞ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። "ፊርማው ይበቃል ወይ? ጠበቃስ እንያዝ?" ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ነኝ። ከ4 ዓመት በፊት ያለፍኩበት ነገር ቁጭ እናንተ ላይ መጥቷል። ስለዚህ የከፈልኩበትን ልንገርሽ።

አይበቃም። እኛ 312 ፊርማ ይዘን ገብተን ተሸንፈናል።

1. ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። የስቴቱ ሕግ የሚያስገድደው ከሂሪንጉ (ሕዝቡ አስተያየት ከሚሰጥበት ስብሰባ) ቢያንስ 5 ቀን ቀደም ብሎ ለድንበርተኛ ባለቤቶች እንዲጻፍ ነው። 5 ቀን! ያኔ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዴቨሎፐሩ (ገንቢው) ከካውንቲው ባለሙያዎች ጋር ሲጻጻፍ ወራት አልፈዋል። ዛሬውኑ የማመልከቻውን ቁጥር ያዢ። ያለ ቁጥር ማንም አያናግርሽም። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ፣ 40 ደቂቃ ነድቼ ፕላኒንግ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። "ቁጥር አለህ?" አለች። የለኝም አልኳት። "ሁሉም ኦንላይን አለ" ብላ መስታወቱን ሳበችው። ከኔ ቀጥሎ የመጣውን ሰውዬ ግን ካርታ ዘርግታ ስታስረዳው በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቁጥሩን በኋላ ያገኘሁት ቦታው ላይ ከተተከለው ማስታወቂያ ነው። እዚያው እናንተም ጋ ይኖራል፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

2. ማን እንደሚወስን እወቁ። ፕላኒንግ ኮሚሽኑ አስተያየት ነው የሚሰጠው። የሚወስነው የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ (የተመረጠው ምክር ቤት) ነው። በአብዛኛው የቨርጂኒያ ካውንቲ ደግሞ መንገዱን የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። ስለዚህ "ትራፊኩ አይቻልም" ከማለታችሁ በፊት ቪዶት (የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ስለ ትራፊክ ጥናቱ ምን ብሎ እንደጻፈ አንብቡ። እኛ ሳናነብ ገብተን የዴቨሎፐሩ ጠበቃ በአንድ ገጽ ዝም አሰኘን።

3. ፕሮፈር። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ ስለሱ በደንብ ልጻፍልሽ።

ፕሮፈር ማለት ዴቨሎፐሩ ዞኒንጉ እንዲቀየርለት በጽሑፍ የሚገባው ቃል ነው። ይህን ያህል ዛፍ አስቀራለሁ፣ እዚህ ጋ አጥር አቆማለሁ፣ መኪና በዚህ በኩል አላስገባም ይላል። በፈቃዱ የሚሰጥ ነው። ቦርዱ አንዴ ከተቀበለው ግን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ነገ መሬቱ ቢሸጥ ገዢውም ይገደድበታል። በስብሰባ ላይ በቃል የሰማሽው ሁሉ ግን እዚያ ወረቀት ላይ ከሌለ የለም።

እኛ ይሄን አናውቅም ነበር። በየእሁዱ አንድ ጎረቤታችን ጋራዥ ውስጥ እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ፊርማ ይቆጠራል። የዴቨሎፐሩ ጠበቃ "ኑ እንነጋገር" ብሎ ጻፈልን። "ከተነጋገርን የተስማማን ይመስላል፤ መልሳችን አንድ ነው፣ አይሆንም" ብዬ አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም አጨበጨበ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ታውንሃውሶችም ይቃወሙ ነበር። እነሱ ግን ሄዱ። "ባይሆን እንመርጣለን፤ ከሆነ ግን እነዚህ 5 ነገሮች ይጻፉልን" አሉ።

የሂሪንጉ ምሽት ተራ በተራ ተናገርን። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ነው። እትዬ የምንላቸው ትልቅ ጎረቤታችን በአማርኛ ተናገሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። የትርጉሙም ጊዜ ከሳቸው ላይ ስለተቆጠረ ሐሳባቸው መሀል ላይ ቀይ መብራት በራ። ለአስተርጓሚ የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ከኛው ሰፈር አንዱ ተነስቶ "ተከራይ ለሰፈር አይጨነቅም" አለ። እኔ እዚህ አገር 8 ዓመት በኪራይ አፓርታማ ኖሬያለሁ። ሁለቱም ልጆቼ የተወለዱት እዚያ ነው። አንገቴን ደፋሁ። እባካችሁ ማንም እንዲህ እንዳይናገር አስቀድማችሁ ተማከሩ። በዚህ አካባቢ ቤት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሊኖሩበት የሚመጡት ሰዎች ምንም አላጠፉም። የተናገረው ነውር ነው፤ ደግሞም ቦርዱ ፊት የኛን ክርክር በሙሉ አበላሸብን።

ጸደቀ። በዓመቱ ግንባታ ተጀመረ።

አንድ ጠዋት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ወጥቼ አየሁ። አፈር የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች ተሰልፈው በኛ መንገድ እየገቡ ነው። ባለቤቴ ልጁን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። ካውንቲው ጋ ደወልኩ። የጸደቀውን ፕሮፈር በኢሜይል ላኩልኝ። የግንባታ ተሽከርካሪ ከወንዙ ማዶ ባለው መንገድ አይገባም ይላል። ስለኛ መንገድ አንዲት ቃል የለም። የቀረው መግቢያ የኛ ብቻ ነው። 14 ወር ሙሉ በደጃችን አለፉ። ያ የፕሮፈር ረቂቅ ደግሞ ከሂሪንጉ 4 ወር በፊት ጀምሮ ኦንላይን ተለጥፎ ነበር። ከፍቼው አላውቅም።

ስለ ጠበቃ። 6,500 ዶላር አዋጥተን ነበር፤ ያገኘነው አንድ ደብዳቤ ነው። የቦርዱን ውሳኔ ለመቃወም ሰርኪዩት ኮርት (የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት) የሚኬደው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ካለፈ አለፈ። ቢኬድም መንገዱ ረጅም ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለውን አርሊንግተን ካውንቲን እይ፦ ቦርዱ በነጠላ ቤት ቦታ እስከ 6 ቤት እንዲሠራ ማርች 2023 ላይ ፈቀደ። ነዋሪዎች ከሰሱ። በ2024 ዳኛው ሻረው። በ2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ደግሞ የዳኛውን ውሳኔ ሻረ። ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ ካላችሁ የፕሮፈሩን ረቂቅ አንብቦ የጎደለውን የሚጽፍላችሁ ሰው ያዙበት።

በኋላ ደግሞ በሌላው ጎናችን ሌላ ማመልከቻ መጣ። በዚህኛው ረቂቁን አትሜ፣ በቢጫ አስምሬ፣ ገና ስታፍ ሪፖርቱ (የካውንቲው ባለሙያዎች ሪፖርት) ሳይወጣ የሱፐርቫይዘራችን ቢሮ ሄድኩ። ከጎረቤቶቼ ጋር 4 ነገር ጠየቅን። 3ቱ ፕሮፈሩ ውስጥ ገቡ። ገልባጮቹ በዋናው መንገድ ብቻ ይገባሉ። ከአጥራችን ጋር ያለው የዛፍ መስመር ከ25 ወደ 50 ጫማ ሰፋ። የፓርኪንጉ መብራት ወደ መሬት ብቻ እንዲያበራ ተጻፈ። ሕንፃው አሁን ቆሟል። ማታ የልጆቼ ክፍል ጨለማ ነው። ያቺን የመብራት አንቀጽ ያረቀቅኳት እኔ ነኝ፤ እንደተጻፈች ነው የገባችው።

ፊርማውን አቁሙ አላልኩም። ግን ፊርማ ከሚያሰባስቡት ላይ 3 ሰው ቀንሳችሁ ረቂቁን ለማንበብ መድቡ። ግንባታው በየት በኩል እንደሚገባ የሚለውን ከሁሉ በፊት ፈልጊ። የማመልከቻ ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ በስልክ አብረን እናነበዋለን።